ሶላር ለማስገባት ለምታስቡ ሁሉ፣ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

«ለቤቴ ትልቅ ሶላር ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ?» እያላችሁ የምታሰሉ ሰዎች፣ ይቺን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኔ ከዚህ ጭንቀት ተገላግያለሁ። የገላገሉኝ አንድ ዕድሜያቸው ጠና ያለ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ «ማስታወቂያ ያሠራሁ እንዳይመስልብኝ» ብለው ለምነውኛል። ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነልኝም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እልክላችኋለሁ። ለዚህስ ፈቅደውልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሌሊቱን የሚያድረው በኦክስጅን ማሽን ነው። ሳንባው ከደከመ ቆይቷል። ማሽኑ ከክፍሉ አየር ውስጥ ኦክስጅኑን እየለየ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫው ይልክለታል። መብራት ከጠፋ ግን ሥራው ይቆማል፣ ከዚያ ይጮሃል። ያንን ጩኸት ላልሰማው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በእንቅልፍ ልብ ዘለህ ትነሳለህ። በስልክ ብርሃን የመጠባበቂያውን ሲሊንደር ትከፍታለህ፣ ቱቦ ትቀይራለህ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ታማሚው እሱ ሆኖ የሚያረጋጋኝም እሱ ነው። «ቀስ በል፣ አለሁ» ይለኛል።

ጄነሬተር እንዳንገዛ ጭሱም ድምጹም ለእሱ አይሆንም። ስለዚህ ሶላር አልን። መከራችን የጀመረው ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ሻጭ ጣሪያችንን በር ላይ ቆሞ አየው። አልወጣም። «እናንተን የሚበቃችሁ 12 ኪሎዋት ነው» አለ። 30 ፓኔል ማለት ነው። ለምን 12 እንደሆነ ብጠይቀው «ቤቱ ትልቅ ነዋ!» አለኝ። መብራት የሚፈጀው ግድግዳው ነው እንዴ? አባቴ መኖሩን እንኳ አልጠየቀም። ሌላው ደግሞ ቤታችንን ሳያይ በስልክ ፕሮፎርማ ላከልኝና «ዛሬ ካልከፈልክ ነገ ዋጋው ይጨምራል» እያለ ያጣድፈኝ ጀመር። በነጋታው ደወለ፤ ዋጋው ያው ነው። ከዚያም ወዲያ ደወለ፤ አሁንም ያው ነው።

አንዱ ደግሞ አፉን ሞልቶ «25 ዓመት ዋስትና አለው» ይላል። ወረቀቱን ሳየው 25 ዓመቱ የፓኔሉ ብቻ ነው። ያውም ፓኔሉ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየደከመ እንደሚሄድ እዚያው ላይ ተጽፏል። ኢንቨርተሩ (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ቤት ውስጥ ወደምንጠቀምበት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) እና ባትሪው በጣም አጭር ዋስትና ነው ያላቸው፣ እሱም በደቃቅ ፊደል። ይህን ስነግረው ተቆጣኝ። እኔን!

የአንድ ዘመዴ ነገር ደግሞ ከሁሉም ያናድደኛል። ትልቅ ሶላር ያለ ባትሪ ሸጡለት። ከዋናው መስመር ጋር ተገናኝቶ የሚሠራ ዓይነት ነው። መብራት ሲጠፋ ታዲያ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ ሶላሩም አብሮ ይጠፋል። ምክንያቱ እውነተኛ ነው፤ መስመር ላይ የሚጠግኑ ሠራተኞችን ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው። ግን ይህ ከሽያጭ በፊት ይነገራል እንጂ ሰውዬው በጨለማ ተቀምጦ ሲደውል አይነገርም። ያንን ሁሉ ፓኔል አናቱ ላይ ተሸክሞ ሻማ ይገዛል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ተማርረን ሳለ ነው ሰው እኚህን ባለሙያ የጠቆመን።

መጡ። ስለ ፓኔል ምንም አላወሩም። ከእናቴ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ «እዚህ ቤት ሌሊት ምንድነው የሚሠራው?» ብለው ጠየቁ። አቤት፣ ይህን ጥያቄ የጠየቀን ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም! አባቴ ክፍል ወሰድናቸው። ወለሉ ላይ ተንበርክከው የማሽኑን ጀርባ አነበቡ። ወደ 350 ዋት ይላል። እሱንም አላመኑም። ትንሽዬ መለኪያ ከኪሳቸው አውጥተው በሶኬቱና በማሽኑ መሀል ሰኩ። «ጋሼ፣ ይቺ ከእርስዎ ጋር ትደር፤ ጠዋት ልጅዎ ቁጥሯን ይጻፍልኝ» አሉት። አባቴ ወደዳቸው። እሱ ሰው ቶሎ አይወድም።

መለኪያዋ ለተወሰኑ ቀናት እኛው ጋ ቆየች። ከማሽኑ ወደ ፍሪጁ፣ ከፍሪጁ ወደ ቴሌቪዥኑ እያዞርን ጻፍን። ለዚህ አንድም ሳንቲም አልጠየቁም። ትልቁ ሶላር ይሁን ትንሹ ገና አልወሰንንም፤ ከእሳቸው እንግዛ አንግዛም ያልነው ነገር የለም።

ሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡና ጣሪያ ላይ ወጡ። «ጠዋት ያየሁት ጣሪያና አሁን ያለው አንድ አይደለም» አሉ። እውነትም የውሃ ታንከሩ ጥላ ግማሹን ጣሪያ ይዞታል። ጠመኔ አውጥተው የጥላውን ጠርዝ እየተከተሉ አሰመሩበት። ያ በር ላይ ቆሞ የሄደው ሻጭ በላከልን ሥዕል ላይ ፓኔሎቹ የተደረደሩት በትክክል እዚያ ጥላው ውስጥ ነበር! አንዱ ፓኔል ላይ ጥላ ሲያርፍ አብረውት የተያያዙትንም ሊያደክማቸው እንደሚችል ነገሩን። እንዴት እንደሚያደክማቸውም አስረድተውኝ ነበር፤ አልገባኝም። የገባኝ ነገር ጠመኔው ነው።

የጣሪያውን ቆርቆሮም መታ መታ አድርገው «ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ። ፓኔል ረጅም ዓመት ይቆያል። ቆርቆሮው ቀድሞ ከበሰበሰ ሁሉን አውርዶ እንደገና መስቀል ይመጣል፤ ያ ደግሞ ድርብ ወጪ ነው። የኛ ደህና ነበር።

ከዚያ ቁጭ አሉና ሒሳቡን አሳዩን። ፀሐይ በደንብ በሚያገኝ ቦታ 1 ኪሎዋት ፓኔል በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪያችን የሚቆጥረው መለኪያ) ያህል ይሰጣል። 12 ኪሎዋት ቢሰቀል በጥሩ ቀን ከ50 ያልፋል። የኛ ቤት ውሃ ማሞቂያውን ትተን በቀን 10 እንኳ አይሞላም። የቀረው የት ይሄዳል? ባትሪው ከሞላ በኋላ የትም አይሄድም። «ጣሪያ ላይ ገንዘብ ማስጣት ነው» አሉ። ትርፉን በደህና ዋጋ የሚረከብ የመብራት ድርጅት ካለ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እኛ ጋ ግን እንደዚያ ያለ ነገር የለም።

ዋናው ነገር እሱ ነው። እኛ መብራት የምንፈልገው ሌሊት ነው። ሌሊት ደግሞ የሚያኖረን ፓኔሉ ሳይሆን ባትሪው ነው። ስለዚህ «ፓኔሉን ቀንሱ፣ ባትሪው ላይ አትሰስቱ» አሉን። 8 ፓኔል፣ 3.2 ኪሎዋት፣ ከ10 ኪሎዋት ሰዓት የሊትየም ባትሪ ጋር። ርካሹን የእርሳስ ባትሪ ሳነሳባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኛው ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ ሁለት ገዝተህ በአንዱ ነው የምትጠቀመው። ኢንቨርተሩን ግን ትንሽ ሰፋ ያለ አስመረጡን፤ ነገ ፓኔል መጨመር ብንፈልግ እሱን እንዳንቀይር። ደመና በሚበዛበት ወቅት ደግሞ መብራት ባለ ሰዓት ባትሪው ከመስመሩ ይሞላል። ውሃ ማሞቂያውንና ካውያውን ባትሪው ላይ እንዳንጭን አስጠነቀቁን። ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ባትሪ ይጨርሳል።

አስቡት እንግዲህ። 30 ፓኔል ሊሸጡልን ይችሉ ነበር። ለመግዛት ተዘጋጅተን ነበር። 8 አሉን።

ትንሽ ነገር ስለሚወዱ እንዳይመስላችሁ። ለአንድ የማውቀው የልብስ ስፌት ሥራ ላለው ሰው ትልቁን ነው ያስገቡለት። ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፣ ፀሐይ የሰጠችውን እዚያው ይጠቀማል። ለሱ አዋጥቶታል። ቀን ቤት ውስጥ ብዙ መብራት የሚጠቀም ሰው፣ ፓምፕ ያለው ሰው፣ ቤቱ ወርክሾፕ የሆነ ሰው ትልቁን ቢያስብ ያምርበታል። ቀን በር ዘግቶ ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ግን ቆም ብሎ ያስብ።

ተከላው ባለቀ ቀን ሥራ ጨርሰናል ብለው አልሄዱም። እስኪመሽ ቆዩ። አባቴ ማሽኑን አድርጎ ጋደም ሲል ሲሊንደሩን አጠገቡ አዘጋጁና ዋናውን ብሬከር አወረዱት። ሁላችንም በሩ ላይ ተደርድረን ጩኸቱን እንጠብቃለን። ማሽኑ አልጮኸም። አምፖሏ እንኳ ብልጭ ድርግም አላለችም። ኢንቨርተሩ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አላውቅም፣ እንዲገባኝም አልጣርኩም። አባቴ ቀና ብሎ አየንና «ምን ሆናችሁ ነው እንደ ለቅሶ ቤት የቆማችሁት?» አለ። እናቴ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

ሊሄዱ ሲሉ ያሉኝን ግን መቼም አልረሳውም። «ሶላር አለ ብለህ ሲሊንደሩን እንዳትመልስ። ማንኛውም ዕቃ ይበላሻል። የኔም ይበላሻል።» በሸጠው ዕቃ ላይ እንዲህ የሚል ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሲሊንደሩ አሁንም አልጋው አጠገብ ነው።

ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡት እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። አባቴ «እኚያ ሰውዬ አይመጡም እንዴ?» እያለ ይጠይቃል። ዕቃው ሳይበላሽም ብቅ ይበሉ።

እናንተ ደግሞ ልትደውሉላቸው ካሰባችሁ የቅርብ ወራት የመብራት ቢላችሁን ፈልጋችሁ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ሥራ ስለሚበዛባቸው ወረፋ አለ፣ ታገሱ። በእኔ ይሁንባችሁ፣ ታገሱ። እና አደራ፣ በስልክ «ስንት ኪሎዋት ያስፈልገኛል?» ብላችሁ አትጠይቋቸው። ቤቱን ሳያዩ አይመልሱም፤ አጥብቃችሁ ብትይዟቸው ደግሞ ስልኩን ይዘጉታል።