ቱርክ፣ ግሪክ ወይስ ሲሲሊ? ሰው ቤት እያደሩ ጥንታዊ ከተሞችን በትንሽ ገንዘብ ለማየት

ሜዲትራኒያን ዳር ያሉ ጥንታዊ ከተሞችን ቦርሳ አዝሎ ልዙር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ፍርስራሽ ይበልጣል?» ብሎ ነው። ጥያቄው እሱ አይመስለኝም። በሦስቱም አገር የምታዩት ድንጋይ አፍ ያስከፍታል። ልዩነቱ የሚመጣው ሲመሽ ነው። የምታድሩበት ቤት የማን ነው? ከድንጋዩ ምን ያህል ይርቃል? እራት የሚያቀርበው ማን ነው? የጉዞው ወጪም ጣዕሙም እዚያ ላይ ይወሰናል። ስለዚህ ደቡብ ምዕራብ ቱርክን፣ ፔሎፖኔዝ የሚባለውን የግሪክ ልሳነ ምድርና የጣሊያኗን ደሴት ሲሲሊን የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው።

መጀመሪያ ግን ወረቀት። ግሪክና ጣሊያን በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የሼንገን አገሮች ናቸው። ጀርመን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢይዝም ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዞ ያለ ሌላ ቪዛ ይገባል፤ ከ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን። እንግሊዝ የሚኖር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ግን ቪዛ ማውጣት አለበት። ቱርክ ከሼንገን ውጭ ስለሆነች የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ከአዲስ አበባ ለሼንገን የሚያመለክት ሰው የት እንደሚያድር ማሳየት ይጠበቅበታል፤ «ሰው ቤት ነው የማርፈው» ብሎ ማለፍ የለም። ኢንተርኔት ላይ የተዋወቃችሁትን ሰው «ግብዣ ፈርምልኝ» ብሎ መለመን ደግሞ አያምርም፣ አያዋጣምም። ቤተሰብ የሚያከራየውን ክፍል ቀድሞ መያዝ ይቀላል። ከዚህ በታች «ሰው ቤት ማደር» የምለውም በአብዛኛው ይህንኑ ነው፦ ባለቤቱ እዚያው የሚኖርበት፣ ትንሽ የሚከፈልበት ቤት።

ቱርክ፦ ድንጋዩ ከመኝታው በእግር ይደረሳል

ከፈትሂዬ አካባቢ ተነስቶ ባሕሩን እየተከተለ ወደ አንታልያ የሚዘልቅ የእግር መንገድ አለ። ሊክያ ዮሉ ይሉታል፣ የሉቅያ መንገድ፤ ሉቅያ የአካባቢው ጥንታዊ ስም ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ምልክት አድርጋ ያስከፈተችው ኬት ክሎው የምትባል እንግሊዛዊት ናት። ሁሉን ልጨርስ አትበሉ፤ ብዙ ሰው ጥቂት ቀን ቆርጦ ነው የሚሄደው። ምልክቱ ድንጋይና ዛፍ ላይ የተቀባ ነጭና ቀይ መስመር ነው። የኤክስ ምልክት ካያችሁ መንገዱ እሱ አይደለም፣ ተመለሱ።

ጳጥራና ሙራ የሚሉትን ስሞች የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ያውቃቸዋል። ጳውሎስ መርከብ የቀየረባቸው ወደቦች ናቸው። ጳጥራ ዛሬ ወደቧ በደለል ተሞልቶ ሣርና አሸዋ ውስጥ ቀርታለች፤ የሮማውያኑ በር፣ ቲያትሩና የሉቅያ ከተሞች ተወካዮች ይሰበሰቡበት የነበረው አዳራሽ ግን ቆመዋል። ከፍርስራሹ በላይ ገሌሚሽ የሚባል መንደር አለ። ማደሪያችሁ እዚያ ነው። ፔንሲዮን ሲባል አዲስ አበባ ያለው እንዳይመጣባችሁ፤ ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም አያት ጭምር የሚኖሩበት ቤት ነው። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ቺራሊ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ታገኛላችሁ። ኦሊምፖስ የሚባለው ጥንታዊ ከተማ ከባሕር ዳርቻው ጫፍ ላይ ነው። ማታ ደግሞ ባትሪ ይዛችሁ ያናርታሽ ተራራ ትወጣላችሁ። ከዓለቱ ስንጥቅ የሚወጣ ጋዝ ያለማቋረጥ ይነዳል፤ ጥንት መርከበኞች ከባሕር ላይ ያዩት ነበር ይባላል።

በእነዚህ መንደሮች ብዙው ፔንሲዮን ቁርስና እራት ከመኝታው ጋር አንድ ላይ ያስከፍላል። ቱርክ የምታሸንፈው እዚህ ላይ ነው። ቁርሱ ትሪ ሙሉ ነው፦ የወይራ ፍሬ፣ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ነጭ አይብ፣ ማር፣ እንቁላል፣ ትኩስ ዳቦ፣ ወገቧ በቀጠነ ትንሽ ብርጭቆ ሻይ። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ይሞላል። በቃኝ ካላችሁ ማንኪያዋን ብርጭቆዋ አፍ ላይ አጋድሙ። ያንን በልቶ የወጣ ሰው ምሳ አይፈልግም፤ ይህ ራሱ ወጪ መቀነሻ ነው። በመንደሮቹ መካከል የሚመላለሰው ዶልሙሽ እንደኛው ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ እጅ ማንሳት፣ ሂሳብ ከኋላ ወደ ፊት ማቀባበል።

መጥፎ ጎኑን እንይ። «ቱርክ ርካሽ ናት» የሚለው ወሬ አርጅቷል። ገንዘቧ ቢወድቅም ዋጋው አብሮ ወጥቷል። የታዋቂ ቦታዎች ቲኬት ደግሞ ለውጭ ሰው በዩሮ ተተምኗል። ኤፌሶን በ2024 40 ዩሮ ገብታለች። በተረፈ ቋንቋ ያስቸግራል፣ በመንደሮች መካከል ውኃ ይጠፋል፣ ሐምሌና ነሐሴ በዚያ ፀሐይ መራመድ ቅጣት ነው። የፈረንጅ ጸደይ ወይም መኸር ይሻላል።

ለተዋሕዶ ልጅ ግን 40 ዩሮውም ቢሆን ያስቆጫል አልልም። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው ሦስቱ ጉባኤያት፣ ኒቅያ በ325፣ ቁስጥንጥንያ በ381፣ ኤፌሶን በ431፣ ሁሉም የተካሄዱት በዛሬዋ ቱርክ ነው። ኤፌሶን ፍርስራሽ ውስጥ የጉባኤው ቦታ የሚባለው የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ። ቱሪስቱ ወደ ታዋቂው ጥንታዊ ቤተ መጻሕፍት ሲጋፋ እዚያ ብዙ ሰው አይደርስም። ማደሪያው ሴልቹክ ከተማ ነው፤ የቤተሰብ ፔንሲዮን ሞልቷል፣ ወደ በሩም በእግር ይኬዳል። ከሉቅያ መንገድ ግን ሩቅ ስለሆነ የአውቶቡስ ቀን መድቡለት።

ግሪክ፦ በፈረንጅ ክረምት ከሆነ

አቴንስን በፍጥነት ልለፋት። አክሮፖሊስ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ 30 ዩሮ ሆኗል፤ ብዙ ቦታ በአንድ ቲኬት የሚያስገባው የጥቅል ትኬትም ቀርቷል። አንድ ቀን አይታችሁ ወደ ፔሎፖኔዝ ውጡ። ቆሮንቶስ፣ ሚኬኔ፣ ኤፒዳውሮስ፣ ኦሊምፒያ እዚያ ናቸው። ቆሮንቶስ ላይ ጳውሎስ በጋልዮስ ፊት የቀረበበት የፍርድ ወንበር የሚባለው መድረክ ገበያው መሐል ቆሟል። (ጳውሎስ እዚያ ከተማ በአቂላ ቤት ድንኳን እየሰፋ ነበር የተቀመጠው። ሠርቶ ማደር የዘመኑ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ።)

የግሪክ ችግር ቤቱና ድንጋዩ መራራቃቸው ነው። ብዙ ሰው ናፍፕሊዮ ያድርና ወደ ሚኬኔና ኤፒዳውሮስ ኬቴል በሚባለው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይመላለሳል። አውቶቡሱ ጥሩ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ይሳሳል። ኦሊምፒያ ግን መንደሩ ፍርስራሹ አጠገብ ስለሆነ በእግር ይደረሳል። ድንኳን ተክዬ ልደር የሚል ካለ ይተወው፤ ከካምፕ ውጭ ድንኳን መትከል በሕግ የተከለከለ ነው፣ ቅጣትም አለው። ከጥንታዊ ቦታ ይልቅ መንደር የሚወድ ሰው አርካዲያ ውስጥ ያለውን የሜናሎን መንገድ ይየው። 75 ኪሎ ሜትር ነው፣ በድንጋይ ቤት መንደሮች ያልፋል፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ገና ቦርሳችሁን ሳታወርዱ በማንኪያ የሚበላ የፍራፍሬ ጣፋጭና ቀዝቃዛ ውኃ ይዞ ብቅ ይላል።

ታዲያ ግሪክን ለምን ትመርጣላችሁ? ለክረምቱ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት የፈረንጅ ወራት በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ የመንግሥት ቦታዎች መግቢያ ነፃ ነው። ሰው የለም፣ ክፍል ይረክሳል፣ ፀሐዩም አይገርፍም። በፈረንጅ በጋ ሙቀቱ ሲበዛ አክሮፖሊስን ራሱ እኩለ ቀን ላይ የሚዘጉበት ጊዜ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያላቸው ልጆች እስከ 25 ዓመታቸው በነፃ ይገባሉ፤ የመኖሪያ ካርድ ግን አያገለግልም፣ ፓስፖርቱ ወይም መታወቂያው ነው የሚታየው።

ሌላም ነገር አለ። በዐቢይ ጾም ከሄዳችሁ አትቸገሩም። ምግብ ቤቶች የጾም ምግብ ያውቃሉ፦ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ በወይራ ዘይት የተሠራ አትክልት። እነሱ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ በጾም ስለሚበሉ «የጾም ነው» ተብሎ ሲመጣ እንዳትደነግጡ። ፋሲካም ከኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። የዕለቱ እሑድ ጥንታዊ ቦታዎቹ ዝግ ናቸው፤ በየመንደሩ ግን በግ ደጅ ላይ ይጠበሳል፣ አላፊ አግዳሚውም ይጋበዛል። ዝግ በር ፊት ቆሞ ከማጉረምረም እዚያ መቀመጥ ይሻላል።

ሲሲሊ፦ ቲኬቱ ይቀላል፣ እሑድ ይከብዳል

ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ ሦስት ቀን የተቀመጠባት ሰራኩስ ሲሲሊ ውስጥ ናት። ካቴድራሏ ግቡ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የአቴና ቤተ መቅደስ ነበር። ክርስቲያኖች በአምዶቹ መካከል ግድግዳ ሞሉበትና ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ወፋፍራሞቹ አምዶች ዛሬም ከግድግዳው ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ገፍተው ይታያሉ፤ በእጅ ትዳስሷቸዋላችሁ። ሙዚየም ውስጥ ቢሆን በገመድ ይከለል ነበር።

በእግር መሄድ ለሚፈልግ ከፓሌርሞ እስከ አግሪጀንቶ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ማኛ ቪያ ፍራንቺጄና የሚባል የተሳላሚ መንገድ አለ። በስንዴ ማሳና ኮረብታ ላይ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ያልፋል። ማደሪያው የሰበካ ቤት ወይም የቤተሰብ ክፍል ነው፤ ማኅተም የሚመታበትን የተሳላሚ ደብተር ከያዛችሁ ቅናሽ የሚያደርጉ አሉ። መድረሻው የአግሪጀንቶ ቤተ መቅደሶች ሸለቆ ነው። መራመድ የማይወድ ደግሞ ማሪኔላ የምትባለው የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ይደር፤ የሴሊኑንቴ ቤተ መቅደሶች ከመኝታው በእግር ናቸው። በዚህ ረገድ ሲሲሊ ቱርክን የምትመስልባት ቦታ እሷ ናት። የአብዛኛው ቦታ ቲኬት ከኤፌሶን ግማሽ አይሞላም፣ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድም መግቢያ ነፃ ነው።

ችግሩ እሑድ ነፃ የሆነው ቦታ ጋ እሑድ የሚወስድ አውቶቡስ ማግኘት ነው። በደሴቲቱ መሐል በዕለቱ አውቶቡስ የለም ማለት ይቀላል። ቅዳሜ ማታ ቦታው ደርሶ ማደር እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ጣሊያን ላይ አንድ ሕግ እወቁ። የውጭ ዜጋ ቤቱ የሚያሳድር ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። በነፃ ቢያሳድርም ያው ነው። ጋባዡ ፓስፖርታችሁን ልይ ካላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ አያስፈልግም የሚል ጋባዥ ነው የሚያሳስበው።

ስለ ነፃ ማደሪያ

እንግዳን ከጋባዥ ጋር የሚያገናኘው ድረ ገጽ ካውችሰርፊንግ ከ2020 ጀምሮ በብዙ አገር የአባልነት ክፍያ ይጠይቃል። ቢዌልካም ነፃ ነው፣ የሚያንቀሳቅሱትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጋባዡ ግን ከተማ ላይ እንጂ ፍርስራሽ ባለበት መንደር ብዙም አይገኝም። ዎርክአዌይና ዉፍ በቀን ጥቂት ሰዓት ሠርታችሁ ምግብና መኝታ የምታገኙባቸው ናቸው። የወይራ ለቀማ ወቅት ደስ ይላል፤ ነገር ግን በቱሪስት ቪዛ መሥራት ሥራ ነው ተብሎ ሊያስጠይቅ ይችላል። ቪዛችሁን በስንት ልፋት ካገኛችሁ አደጋው አይመጥነውም። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ሌሎች ሴቶች የጻፉትን አስተያየት ሳታነብ የማንንም ሶፋ አትቀበል፤ አማራጭ ካላት የአያቶቹ ፔንሲዮን ይሻላታል።

ቱኒዚያን ለምን ተውካት የሚል አይጠፋም። የኤል ጀም አምፊቲያትርና ዱጋ የሚባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ከማንም አያንሱም። በየካቲት 2023 ፕሬዚዳንቱ ስለ ጥቁር ስደተኞች ከተናገሩ በኋላ ግን ጥቁሮች ሲደበደቡና ከተከራዩበት ሲባረሩ ታይቷል። ሰው ቤት ማደርን ዋና ነገር ላደረገ ጉዞ አገሪቱን ለጊዜው ለሐበሻ አልመክርም። በሌሎቹም አገሮች ቢሆን ፓስፖርታችሁን ወይም የመኖሪያ ካርዳችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ፤ አውቶቡስ ጣቢያና መርከብ ላይ ከነጭ ቱሪስት ይልቅ እናንተን ያስቆማሉ።

እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ፣ መራመድ ለሚወድና ቪዛው ለተሳካለት፣ የሉቅያ መንገድ። የሼንገን ወረቀት ኖሮት የሥራ ዕረፍቱ በፈረንጅ ክረምት ለሆነ፣ ፔሎፖኔዝ። ሲሲሊ ቲኬት ለሚያንገበግበውና አውቶቡስ መጠበቅ ለማይሰለቸው ሰው ናት። ሦስቱንም በአንድ ጉዞ የሚል ካለ ገንዘቡ አውሮፕላን ላይ ያልቃል።

ባዶ እጅ አትሂዱ። የተቆላና ደቆ የተፈጨ ግማሽ ኪሎ ቡና ከሦስቱም አገር በየትኛውም ቤት ያስከብራል፤ ቱርኮችም ግሪኮችም በትንሽ ማሰሮ ያፈሉታል፣ ጣሊያኖቹ ሞካ በሚባለው ምድጃ ላይ በሚጣድ ማፍያ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ግን ቅቤና ቋንጣ አትያዙ። የሥጋና የወተት ውጤት ጉምሩክ ላይ ይወረሳል።