ለባሕር ዳር ሲስተሮች ምስጋና፣ ለአዲስ መጪ ወላጆች ጥቆማ

በሥራ ዝውውር ወደ ጎጃም የምትመጡ ካቶሊካውያን ወላጆች ካላችሁ ይህን የጻፍኩት በተለይ ለእናንተ ነው። ባሕር ዳር ላይ ልጆቻችንን ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩልንን ሲስተሮች በአደባባይ ላመሰግን ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሳልጠራቸውም ቢሆን ይህን ሲያነቡ መቆጣታቸው አይቀርም።

እኛ የእምድብር አካባቢ ሰዎች ነን። እዚያ ካቶሊክ መሆን ማንንም አያስገርምም። ጎጃም ግን የዲማና የዋሸራ አገር ነው፤ የቅኔውና የአብነት ትምህርቱ ምንጭ። የጎረቤቶቻችን ልጆች የኔታ ዘንድ ሄደው ዳዊት ሲደግሙ የእኛዎቹ ቤት ይቀራሉ። አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «እኛ ፈረንጅ ነን እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ጓደኛው «የእናንተ ሃይማኖት የፈረንጅ ነው» ብሎት ኖሯል። አባቱ ሳቀ። እኔ የምመልስለት ስላጣሁ ጥያቄውን ቅዳሜ ለሲስተር እንዲያቀርብ ነገርኩት።

ሲስተር መልሱን ፍለጋ ሮም አልሄዱም፤ ዲቦ ሄዱ። በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ዲቦ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1791 የተወለዱትን የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ ለክፍሉ ሁሉ ተረኩ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ማጣታቸውን፣ መርጡለ ማርያም ተምረው መመንኮሳቸውን፣ መጽሐፍ ፍለጋ ከገዳም ገዳም መዞራቸውን። ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ግብጽ ከላኳቸው መልእክተኞች አንዱ እንደ ነበሩና በዚያው ጉዞ ጣሊያናዊውን የካቶሊክ ሚሲዮናዊ አቡነ ያዕቆብን በቅርብ እንዳወቋቸው። ከብዙ ጥያቄና ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ ክህነት የተቀበሉት በስድሳ ዓመታቸው ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1926 ሮም ላይ ብፅዕናቸው ታወጀ።

ልጄ ማታ ራት ላይ «እሳቸው ከእኛ ይልቅ ጎጃሜ ናቸው እኮ!» አለ። ደብተሩ ላይም ስሏቸዋል፤ አንድ ዓይን፣ ትልቅ ቆብ፣ እግራቸው ላይ ደግሞ ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰንሰለት። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው ለሃይማኖቱ ታስሮ የሞተበትን ታሪክ ለሕፃን ሲነግሩት ቂም አብሮ ይገባል። ልጄ ግን ስለ መነኩሴው ትዕግሥት እንጂ ስላሳሰሯቸው ሰዎች አንድም ቃል አልነገረንም። በማግሥቱም ያንኑ ጓደኛውን ይዞ ኳስ ሊጫወት ወጣ።

የጎረቤት ነገር ለእነዚህ ሲስተሮች ዋና ትምህርት ነው። ረቡዕና ዓርብ በልጆቻችን የምሳ ዕቃ ውስጥ ሥጋም እንቁላልም እንዳናስቀምጥ የመከሩን እነሱ ናቸው። የክፍል ጓደኞቻቸው ጾመኞች ናቸውና ሽታውስ ለምን ያስቸግራቸው? ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መብልና ስለ ወንድም መሰናከል የጻፈውን በምሳ ዕቃ አስረዷቸው። እኔ ያንን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ሰምቼው እንዲህ አልገባኝም ነበር።

ለመጀመሪያ ቁርባን ሲያዘጋጇቸው ደግሞ ልጆቹን ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያስገቧቸዋል። ጽናው (የዕጣን ማጠኛው) ምን እንደሆነ፣ መጋረጃው ለምን እንደሚዘጋ፣ ቅዳሴያችን በግዕዝ ሥርዓት ስለሆነ ከጎረቤቶቻቸው ቅዳሴ ጋር የሚመሳሰለው የቱ ላይ እንደሆነ ቆመው እያዩ ይማራሉ። ጽዋውና ጻሕሉ (የቅዱስ ቁርባኑ ሳሕን) በማንም እጅ ስለማይነኩ ልጆቹ አምሳያቸውን ከጭቃ ሠሩ። የሴት ልጄ ጽዋ በአንድ ወገን ያዘመመ ነው፤ ሲስተር እንድታስተካክለው አላስገደዷትም። የማያውቁት ጥያቄ ከመጣባቸው «እስኪ አባን እንጠይቅ» ይሉና መልሱን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘው ይመጣሉ። አስተማሪ እንዲህ ሲል የሚሰማ ልጅ ለመጠየቅ አይፈራም።

ወላጆችን ግን አይምሩም። ልጁን በር ላይ ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ በየጊዜው አብራችሁ እንድትቀመጡ ይጠሯችኋል፣ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ትጸልዩ እንደሆነም ይጠይቋችኋል። የሚጠይቁት ልጁን ነው፤ ልጅ ደግሞ አይዋሽላችሁም። ባለቤቴ መቁጠሪያውን ከሻንጣ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉድለት የለም አልልም። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት የተመሠረተው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ሀገረ ስብከቱም ገና ወጣት፣ ምእመኑም ጥቂት ነው። በዚህ የተነሣ የሰባት ዓመቱም የአሥራ ሁለት ዓመቱም ልጅ በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ ክፍሉ በሚያዝያ ሙቀት ያፍናል። ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ያሉት ልጆች የሚሆናቸው ትምህርት እምብዛም አያገኙም፤ ይህን ለሲስተሮቹም ነግሬያቸዋለሁ፣ ተቀብለውኛል።

መመዝገብ ለምትፈልጉ፦ ክፍያ የለም። የልጃችሁን የጥምቀት ምስክር ወረቀት ከነበራችሁበት ቁምስና (አጥቢያ) ሳትነሡ አስጽፉ፤ ከዚህ ሆኖ ማስላክ ያንገላታል። ቅዳሜ ጠዋት ሲስተሮቹ ከልጆቹ ጋር ስለሆኑ ለማነጋገር ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ለልጆች የተዘጋጀ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ደብተርና የቀለም እርሳስ ያላችሁ ይዛችሁላቸው ብትሄዱ ደስ ይላቸዋል፤ ገንዘብ ከሆነ ግን ለአባ ስጡ ይሏችኋል።