ዲያብሎ 4 ወይስ ኤክስኮም 2? ባሕር ዳር ሆኖ ጌም ለሚገዛ

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ እና ፖሊ ግቢ የሚማሩ ወዳጆቼ «ዲያብሎ 4ን ልግዛ ወይስ ኤክስኮም 2ን?» ማለታቸውን ስላልተዉ፣ መልሴን አንድ ጊዜ ጽፌ ማስቀመጥን መርጫለሁ። አንደኛው በኢንተርኔት ከኩባንያው ሰርቨር ጋር እንደተገናኙ ጭራቅ የሚጨፈጨፍበትና ዕቃ የሚሰበሰብበት፣ ሌላው ጥቂት ወታደሮችን ተራ በተራ እያዘዙ የሚዋጉበት ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ ከራሱ ኪስ ለሚከፍል ሰው ያለማመንታት የምመክረው ሁለተኛውን ነው።

ከዋጋው ልጀምር። ዲያብሎ 4 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ 70 ዶላር ነበር። በወቅቱ 54 ብር ገደማ በነበረው የባንክ ምንዛሪ ይህ ወደ 3,800 ብር ይጠጋል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ዶላሩ 100 ብርን ስላለፈ፣ ያው ጌም በዚያው ዋጋ ከ7,000 ብር በላይ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ማስፋፊያ (የጌሙ ተጨማሪ ክፍል) ሲወጣ ለብቻው 40 ዶላር እንደነበር ሻጮች አያነሡትም። ኤክስኮም 2 እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ እርሱም 60 ዶላር ነበር፤ ሆኖም ዕድሜው ስለገፋ ጌም በኢንተርኔት በሚሸጥበት መደብር በስቲም የቅናሽ ወቅቶች ዋጋው እጅግ ይወርዳል። ቅናሽ ሳይጠብቁ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

«ዲያብሎን የሚመስለው ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል በነፃ አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በነፃ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በየሦስት አራት ወሩ አዲስ ሊግ (ሁሉም ከዜሮ የሚጀምርበት የውድድር ወቅት) በመጣ ቁጥር ከባድ ማሻሻያ ማውረድ ግድ ነው፤ የዕቃ ማስቀመጫው ስለሚጠብም ተጨማሪ ቦታ በዶላር ይገዛል። በሞባይል ዳታ ለሚጫወት ሰው ነፃ የሚባለው ይህ ጌም በወጪ ከተገዛው ሊበልጥ ይችላል።

ከዚህም በላይ የመብራትና የኔትወርክ ጉዳይ አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠበት ወቅት፣ ዲያብሎ 4ን የገዛ ሰው ዲስኩ ላይ 90 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይዞ ከመቀመጥ በቀር የሚያደርግበት ነገር አልነበረውም። በሃርድኮር፣ ማለትም አንዴ የሞተ በማይነሣበት አጨዋወት፣ የሞተ ገጸ ባሕርይ ደግሞ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ቢባልም አይመለስም። ኤክስኮም 2 ግን አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ራሱም እየመዘገበ ስለሚሄድ መብራት ድንገት ቢጠፋ የሚባክነው ጥቂት ነው። 95 በመቶ ይመታል የተባለ ወታደር አጠገቡ ያለውን ጠላት ሲስት ማበሳጨቱን ግን አልክድም።

ከሱቅ የተገለበጠ ኮፒ የሚገዛ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። አንድ ተማሪ ከአንድ ሱቅ «ዲያብሎ 4 ሙሉው» ተብሎ ብር ከፍሎ ያመጣው ፍላሽ ውስጥ የነበረው ማስጀመሪያ ፕሮግራሙ ብቻ ነበር፤ አካውንቱን ሰርቨሩ ስለሚያረጋግጥ ጌሙ ሙሉ ሆኖ ቢገለበጥም አይከፈትም ነበር። ፍላሹም 128 ጊጋባይት ተጽፎበት ትክክለኛ መጠኑ 8 ሆኖ ተገኘ፤ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካው ደግሞ ፎልደሮቹን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረው የታወቀው ቫይረስ ተጋባበት። የኤክስኮም ኮፒም ቢሆን ፋይል እየጎደለው ተልእኮ መሀል ላይ ይዘጋል።

የጥገናውን ነገር ባጭሩ ልለፈው፦ እንደ ዲያብሎ ያለ ዕረፍት የሚጫኑበት የፍልሚያ ጌም የርካሽ ማውስን ግራ ቁልፍ ቶሎ ይገድላል።

ቤቱ አስተማማኝ መስመር ያለው፣ ከጓደኞቹ ጋር ማታ ማታ መጫወት የሚፈልግ ሰው ዲያብሎን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ኤክስኮም 2ም ቢሆን የግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ይንቀራፈፋል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ያለው ሰው አስቀድሞ ባትል ፎር ዌስኖዝ የተባለውን ተራ በተራ የሚዋጉበት ጌም ያውርድ፤ ሕጋዊ ነው፣ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። በዚህ ጌም ኦርክ የሚባሉት ጭራቆች ጉልበት ሌሊት በ25 በመቶ ጨምሮ ቀን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ ሲመሽ ወደ ኋላ ማፈግፈግና ሲነጋ መምታት ይለመዳል። ዌስኖዝን ተጫውቶ ያልሰለቸው ሰው ቅናሽ ጠብቆ ኤክስኮም 2ን ይግዛ።