ሙስታንግ ወይስ ካማሮ? የድሮ አሜሪካዊ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ

ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይዘን ስንሰበሰብ ወሬው ከየትም ይነሳ፣ ማረፊያው አንድ ነው። አንዱ ጓደኛችን የ1966 ሙስታንግ አለው፣ ሌላው የ1968 ካማሮ። እኔ ሁለቱንም ነድቻለሁ፤ የሁለቱም ሆድ ስር ተኝቼ ዘይት ጠብ ብሎብኛል። ሰሞኑን "የቱን ልግዛ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ የቅዳሜውን ክርክር እንዳለ ላምጣው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ከሻጭ ጋር የምንጨቃጨቀውም እዚያው ነው።

የፎርዱ ሙስታንግ የወጣው በኤፕሪል 1964፣ በኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ነው። መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። ሕዝቡ ተሻማበት፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሚሊዮንኛው ከፋብሪካ ወጣ። ተፎካካሪው ሼቭሮሌት መልሱን፣ ካማሮን፣ ይዞ የመጣው በ1966 መጨረሻ፣ ለ1967 ሞዴል ነው። "ካማሮ ማለት ምን ማለት ነው?" ብለው ለጠየቁ ጋዜጠኞች የኩባንያው ሰዎች "ሙስታንግ የሚበላ ትንሽ ክፉ አውሬ" ብለው መለሱ ይባላል። የካማሮው ወዳጃችን ይህን በየሳምንቱ ያስታውሰናል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ትውልድ ካማሮ፣ ከ1967 እስከ 1969 ያለው፣ በሦስት ዓመት የተመረተው 700 ሺህ ገደማ ነው። የ1966 ሙስታንግ ብቻውን ከ600 ሺህ ያልፋል። ስለዚህ ሙስታንግ ገበያ ላይ አይጠፋም። በተመሳሳይ ይዞታ ላይ ያለ ካማሮ ግን ብዙ ጊዜ ይወደዳል።

አሁን ገንዘብ ወደሚበላው ጉዳይ እንግባ፤ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር።

የ1965 ወይም የ1966 ሙስታንግ ስታዩ ኮፈኑን አስከፍቱ። በሾፌሩ በኩል፣ ከፓራፋንጎው በስተውስጥ ላሜራው ላይ ቁጥር ተመትቷል። አምስተኛው ምልክት የሞተሩ ፊደል ነው። "ቲ" ከሆነ መኪናው ሲወለድ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር። "ሲ" ከሆነ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 200 የፈረስ ጉልበት። "ኤ" ያው 289 ሆኖ 225 የፈረስ ጉልበት ነው። "ኬ" ካያችሁ 271 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚራኮቱበት እሱ ነው፣ ዋጋውም ልብ ያቆማል። ስድስት ሲሊንደሩን አውጥቶ ቪ8 የከተተ ሻጭ ያጋጥማችኋል። ነውር የለውም፣ ግን በቪ8 ዋጋ አትክፈሉት። ጎማው ላይ ያሉትን ብሎኖችም ቁጠሩ። ስድስት ሲሊንደሩ ከፋብሪካ ሲወጣ በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው፣ ቪ8ቱ በአምስት።

ካማሮ እንዲህ አፉን አይከፍትም። ቁጥሩ በ12437 ከጀመረ ቪ8 ኩፔ (ጣራው የማይከፈት ባለ ሁለት በር) ነው፣ በ12337 ከጀመረ ባለ ስድስት ሲሊንደር። በቃ! ጉልበታም ተደርገው ከተሠሩት ዓይነቶች፣ ከኤስኤስ ወይም ከዚ28፣ አንዱ ይሁን አይሁን ቁጥሩ አይናገርም። አርማው ደግሞ በጥቂት ዶላር ይገዛል። ለዚህ ነው የሙስታንጉ ጓደኛችን "አንተ፣ አርማውን ተወውና ወረቀቱን አሳየኝ" የሚለው። እውነት አለው። የመጀመሪያውን የሽያጭ ደረሰኝ ወይም የፋብሪካ ወረቀት ጠይቁ። በ1968 እና በ1969ኞቹ ደግሞ ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከመኪናው ጋር መግጠሙን እዩ። አንድ ቀላል መፈተኛ ልስጣችሁ፦ በእነዚያ ዓመታት ዚ28 የሚሸጠው ባለ አራት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ ብቻ ሆኖ ነው። "ኦሪጅናል ዚ28፣ አውቶማቲክ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ነዳጃችሁን አታቃጥሉ።

ዝገት ላይ ሲደርስ የሚያሳፍረው ሙስታንግ ነው። ከፊት መስታወቱ ስር አየር የሚገባበት ወንፊት አለ። ውስጡ ያለው ላሜራ ይበሰብስና ዝናቡ በቀጥታ እግራችሁ ላይ ይወርዳል። እኔ የመጀመሪያዬን የገዛሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ቀለሙ እንደ መስታወት እያብለጨለጨ ነበር። በሳምንቱ ዝናብ መጣ፤ ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ እያየችኝ ዝም አለች። ምንጣፉን ብገልጠው ወለሉ በስቱኮና በጨርቅ የተለጠፈ ነው። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ። ያን ቀን አንድ ሃይላንድ ውሃ ወንፊቱ ላይ አፍስሼ ቢሆን ኖሮ ስንት ብር ይተርፈኝ ነበር።

ካማሮም ይዝጋል፣ ግን ሌላ ቦታ። የኋላ መስታወቱን ታችኛ ጠርዝ፣ የዕቃ መጫኛውን ወለል፣ ከኋላ ጎማ በላይና በኋላ ያለውን ላሜራ በማግኔት ዳስሱ። ማግኔቱ ካልያዘ ስር ያለው ስቱኮ ነው። ካማሮ ከፊት ለብቻው በብሎን የሚታሰር ሻንሲ አለው፤ ማሰሪያዎቹ ዙሪያ ያለው ብረት መበላቱን ሳታዩ አትነሱ።

አነዳዱስ? እዚህ ላይ ለካማሮ አደላለሁ። ሰፋ ያለ ነው፣ መንገድ ይይዛል። ፍሬኑም ከ1967 ጀምሮ ሁለት መስመር ስላለው አንዱ ቢያፈስ ሌላው ያቆማችኋል። የ1965 እና የ1966 ሙስታንግ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው። ፈሳሹ ከሄደ ሄደ። ከገዛችሁት ከቀለሙ በፊት ይህን አስቀይሩ፤ በአብዛኛው አራቱም ጎማ ላይ ያለው የታምቡር ፍሬን መሆኑን ደግሞ አትርሱ። ካማሮም ያለ እንከን አይደለም። አብዛኞቹ የ1967 እና የ1968 መኪኖች የኋላ ባሌስትራቸው ነጠላ ቅጠል ነው፤ ነዳጅ በኃይል ስትረግጡ ጎማው ይዘላል። ብዙዎቹ አውቶማቲኮች ሁለት ማርሽ ብቻ ሲኖራቸው የሙስታንጉ ሦስት አለው። አውራ ጎዳና ላይ ልዩነቱ ጆሮ ላይ ይሰማል።

መለዋወጫ ለሁለቱም ሞልቷል፤ ከበር ላስቲክ እስከ ወለል ላሜራ አዲስ ይሠራል። በቨርጂኒያ 25 ዓመት ያለፈው መኪና የአንቲክ ታርጋ ይወጣለታል፣ ግን በሱ ሥራ መመላለስ አይቻልም። ኢንሹራንሱን የክላሲክ አድርጉና ዋጋውን አስቀድማችሁ በውሉ ላይ ተስማሙ። አለበለዚያ አደጋ ሲደርስ የሚገምቱላችሁ እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና ነው።

የኔን ከጠየቃችሁ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ የ1966 ሙስታንግ፣ ኩፔ፣ "ሲ" ፊደል ያለበት። ጣራው እስከ ኋላ ድረስ ቁልቁል የሚያዘቀዝቀው ፋስትባክ ያምራል፣ ግን ለዚያ ጣራ የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ ፍሬንና ወለል ያስጠግናል። ካማሮ የምለው ላሜራ የሚያውቅ መካኒክ ዘመድ ላለው ሰው ነው። እሱም የ1969ኙን ይለፍ፤ ያ ቅርጽ የአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ዋጋው ሰማይ ነው። የ1968ቱ ይበቃል። የካማሮው ወዳጃችን ይህን ሲሰማ "ዝናብ ሲዘንብ እንገናኝ" አለኝ፤ አልመለስኩለትም፣ ዛሬም ያ ወንፊት ጥቂት ያንጠባጥባል።