«8 ቻናል» ተብሎ የተሸጠልኝ ሳጥን

እጄ ገና እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ፊደል ከገደፍኩ ይቅርታ።

የሎራዋን ጌትዌይ፣ ማለትም ሴንሰሮች በሎራ ሬዲዮ የሚልኩትን መልእክት ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚያሳልፍ ሳጥን፣ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ቆም በሉ። ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ባንኮኒው ላይ አንድ ሴንሰር ያስቀምጣሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ቁጥር ሲቀያየር ያሳያሉ፣ «15 ኪሎ ሜትር፣ ያለ ሲም ካርድ» ይላሉ። የኔውም ይቺኑ ነው ያለኝ። ሴንሰሩን በመዳፉ ሲጨብጠው ስልኩ ላይ ሙቀቱ ከፍ አለ። የኔም ልብ አብሮ ከፍ አለ። ከዚያ ሳጥኑን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «እስቲ ያዘው አለቃ። ክብደቱን እየው። ርካሹ እንዲህ አይከብድም።» እውነትም ከበደኝ። ከፈልኩ።

10 የአፈር እርጥበት ሴንሰሮች እርሻው ላይ ተከልኩ። ራሱ ነው ያስተካከለልኝ፤ ሁሉንም ስፕሬዲንግ ፋክተር 7 ላይ (የሎራ የመላኪያ ፍጥነት ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ መልእክቱ ቶሎ ያልቃል)፣ «ለባትሪው ነው» ብሎ። እያንዳንዱ በየ15 ደቂቃው ይልካል፤ በቀን 96 መልእክት መሆኑ ነው። የሚደርሰኝ ግን 11፣ 13፣ 12። ደወልኩ። «አንቴናውን ከፍ አድርገው አለቃ።» ከፍ አደረግኩ። 12። «ዛፍ ይኖራል።» ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። 13። «ገመዱን ቀይረው።» ቀየርኩ። 11። ሦስት ሳምንት ሙሉ መሰላል ተሸክሜ ጣሪያ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። ዝናቡን ሳይቀር ረግሜዋለሁ።

የሚያበግነኝ ደግሞ መልሱ ፊቴ ተቀምጦ ነበር። የደረሱት መልእክቶች የሲግናል ጥንካሬያቸው ኔጋቲቭ 80 ዲቢኤም አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በወረደ መጠን ሲግናሉ ይደክማል። ሎራ ከኔጋቲቭ 120 በታች የወረደውን እንኳ ይሰማል። ችግሩ ርቀት ቢሆን ኖሮ የደረሰውም ተዳክሞ ነበር የሚደርሰው። ይህን የማውቅ ሰው ነኝ እኮ! እያወቅኩ ዛፍ ስቆርጥ ነበር።

ትናንት ማታ አንዱን ሴንሰር ነቅዬ አመጣሁትና ከጌትዌዩ ሁለት እርምጃ ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት ቆጠርኩ። ከ40 መልእክት የገባው 5። ከስምንት አንድ። ካቻቪቴ ፍለጋ ሄድኩ።

አንደኛው ብሎን «ከተከፈተ ዋስትና የለም» የሚል ተለጣፊ ስር ነው የተደበቀው። ቀደድኩት። ሦስቱ ቶሎ ወጡ፣ አራተኛው አስቸገረኝ። ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት ብረት ነው። መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ብረት፣ በሙጫ ተለጥፎ። ሙቀት የሚያወጣ ነገር መስሎኝ ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩት። ከምንም ጋር አልተገናኘም። ቁጭ ያለው እንዲከብድ ብቻ ነው። ከጎኑ ከጣቴ ጥፍር የምታንስ ቺፕ አለች። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አነበብኳት፦ ኤስኤክስ 1276።

ይቺ ሴንሰር ውስጥ የምትገባ ቺፕ ናት። በአንድ ጊዜ አንድ ቻናል፣ ማለትም አንድ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ፣ አንድ ስፕሬዲንግ ፋክተር ብቻ ነው የምትሰማው። ደህና ጌትዌይ ውስጥ እንደ ኤስኤክስ 1301 ወይም 1302 ያለ ነው የሚገባው፤ 8ቱንም ቻናል ባንዴ ያዳምጣል። የኔ ሴንሰሮች በ8 ቻናል እየተቀያየሩ ይልካሉ፣ ሳጥኑ አንዷ ላይ ተገትሮ የሰባቱን አይሰማም። ሱቅ ውስጥ ያሳየኝ ሴንሰርማ እዚያችው አንድ ቻናል ላይ የታሰረ ነበር ማለት ነው።

ብረቱን ይዤ ሄድኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና አላለም።

«ከፍተኸዋል እንዴ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ዋስትናው አበቃ፣ አለቃ።»

«ሳጥኑ ላይ 8 ቻናል ይላል እኮ!»

ያኔ ነው ቀና ያለው። ወደ ጓደኛው ዞሮ «ቻናል ቆጥሮ መጣ» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ብረቱን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጌ «ይሄስ?» አልኩት።

«እሱ ንፋስ እንዳይጥለው ነው።»

ምን ይባላል? አፌ ተያያዘ። ወጣሁ። ልመልስለት የሚገባኝ ሁሉ መንገድ ላይ ነው የመጣልኝ።

እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ውስጡ ያለውን ቺፕ ጠይቁ። 1276 ወይም 1262 ብቻ ከሆነ ትታችሁ ውጡ። የራሳችሁን ሴንሰር ይዛችሁ ሂዱ፣ 20 ያህል መልእክት አስልካችሁ ስንቱ እንደገባ ቁጠሩ።

ሳጥኑን ከሶኬቱ ነቅዬዋለሁ። ሴንሰሮቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ይህን ስጽፍ 9ኙ አሁንም እርሻው ላይ በየ15 ደቂቃው እየላኩ ነው።