ለሪልታይም ሥራ የትኛውን ርካሽ ቦርድ ልግዛ? ፓይ፣ ቢግልቦን፣ ፒኮ ወይስ ኢኤስፒ32

ኮምቦልቻ ላይ ስለ ቦርድ፣ ማለትም ማሽንና ሴንሰር ስለሚቆጣጠር ትንሽ ኮምፒውተር፣ የሚጠይቁኝ ሰዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዘ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነው። ሌላው ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ የሚሠራ። የሁለቱም ጥያቄ «የትኛው ይረክሳል?» ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ሥራው ይታገሳል ወይስ አይታገስም?» እላለሁ።

የሽመና ማሽን ላይ የድር ክር ሲበጠስ ማሽኑ ወዲያው መቆም አለበት። ትንሽ ከዘገየ ጨርቁ ተበላሸ። ተራ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) የጫነ ቦርድ ፍጥነት አያንሰውም። ግን ሌላ ሥራ ላይ ተጠምዶ መቼ እንደሚመልስላችሁ አይታወቅም። ሪልታይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በአጭሩ አርቶስ፣ የተሠራው ለዚህ ነው። መልሱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መምጣት አለበት፣ አለቀ።

ችግሩ አርቶስ እንደ ዊንዶውስ የትም ቦርድ ላይ ተጭኖ የሚነሳ ነገር አለመሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ቦርድ የድጋፍ ኮድ ይፈልጋል፤ ባለሙያዎቹ ቢኤስፒ ይሉታል። ይህ ኮድ ቦርዱ ሲበራ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ያስነሳል፣ ሜሞሪው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይናገራል፣ ክሎኩን (የቺፑን ምት) ያስተካክላል፣ ኢንተርፕት (ሥራህን አቋርጠህ ስማኝ የሚል ምልክት) ይቀበላል፣ ታይመሩን ያስቆጥራል፣ በሲሪያል ወደብ ጽሑፍ ያወጣል። ይህ ሁሉ ከሠራ በኋላ ነው ወደ ኔትወርክና ወደ ዩኤስቢ የሚኬደው። ስለዚህ በቦርዱ ዋጋ ላይ፣ ገና ያልተጻፈውን ኮድ ዋጋ ደምሩበት። እኔ የማነጻጽረው በዚያ ሂሳብ ነው።

ራስፕቤሪ ፓይና ቢግልቦን ብላክ

ከትልልቆቹ እንጀምር። የመጀመሪያው ራስፕቤሪ ፓይ በ2012 በ35 ዶላር ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቢግልቦን ብላክ በ2013 በ45 ዶላር ተከተለ። በወረቀት ላይ ፓይ ያሸንፋል። ስሙን የማያውቅ የለም፣ ዩቲዩብ ላይ የሌለ ትምህርት የለም። ትምህርቱ ግን ከሞላ ጎደል ስለ ሊኑክስ ነው። አርቶስ ለማስነሳት የተነሳ ሰው ሌላ ፓይ ነው የሚያገኘው።

ፓይ ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው የግራፊክስ ክፍሉ ነው፤ ዋናው ፕሮሰሰር ተራውን ይጠብቃል። ግራፊክሱ የተዘጋ ፋይሉን ከኤስዲ ካርድ ያነባል፣ ከዚያ የእናንተን ኮድ ሜሞሪ ላይ አስቀምጦ ፕሮሰሰሩን ይለቀዋል። ለጀማሪ ይህ እፎይታ ነው፣ ሜሞሪውን የሚያነቃው ሌላ ነውና። በሌላ በኩል እዚያ ውስጥ የሚሆነውን ማየት አትችሉም። ለመጀመሪያው ቺፕ ለሕዝብ የወጣው የፔሪፈራል (ቺፑ ውስጥ ያሉ ወደቦችና ታይመሮች) ሰነድ ሁለት መቶ ገጽ ገደማ ነው፤ ስህተቶቹን ተጠቃሚዎች ራሳቸው ለቅመው ዝርዝር አውጥተውለታል።

ፓይ 3 ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያዝበት ወጥመድ አለ። ደህናው ሲሪያል ወደብ ለብሉቱዝ ተሰጥቷል። ለእናንተ የቀረው ሚኒ ዩአርት የሚባለው ደካማ ሲሪያል ወደብ ነው፤ ፍጥነቱ ከግራፊክሱ ክሎክ ጋር የታሰረ ነው። ክሎኩ ሲቀየር ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ዝባዝንኬ ነው። ሰው ኮዴ ተበላሸ ብሎ ሲያድር ኮዱ ጤነኛ ነው። ኤስዲ ካርዱ ላይ ባለው ኮንፊግ ፋይል ዩአርቱን ካበራችሁና ክሎኩ እንዳይቀየር ካደረጋችሁ ይስተካከላል።

ኔትወርክ ለሚፈልግ የባሰ አለ። ከመጀመሪያው እስከ ፓይ 3 የኤተርኔት ገመዱ የሚሰካው በዩኤስቢ በኩል ባለ ቺፕ ላይ ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ለማግኘት መጀመሪያ ሙሉ የዩኤስቢ ድራይቨር መሥራት አለባችሁ። ይህ ለአንድ ተማሪ የአንድ ሴሚስተር ሥራ አይደለም፤ አማካሪያችሁ ይሆናል ቢላችሁም አትስሙት። በ2019 የወጣው ፓይ 4 ይህን አስተካክሏል። ኤተርኔቱ በቀጥታ ከቺፑ ጋር ነው፣ የኢንተርፕት መቆጣጠሪያውም በሌሎች የአርም ቺፖች የተለመደው ዓይነት ነው። ዜፊርም አርቴምስም፣ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ አርቶሶች፣ ይደግፉታል። ፓይ ካላችሁ እንግዲህ 4 ይሁን።

ቢግልቦን ብላክ ዕድሜው ገፍቷል። 1 ጊጋኸርዝ የሚሄድ አንድ ፕሮሰሰር፣ 512 ሜጋባይት ሜሞሪ፤ ዛሬ ይህን ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል። ግን የቺፑ ማኑዋል ከ4,000 ገጽ በላይ ነው፣ ማንም በነፃ ያወርደዋል። ኤተርኔቱ በቀጥታ ከቺፑ ጋር ነው። አርቴምስ የድጋፍ ኮድ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዋናው ፕሮሰሰር ጎን ፒአርዩ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ፕሮሰሰሮች አሉት። በ200 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ፤ አብዛኛው ትእዛዝ 5 ናኖሰከንድ ብቻ ይፈጅባቸዋል። ዋናው ላይ ሊኑክስ ትታችሁ፣ የማይታገሰውን ሥራ ለእነዚህ መስጠት ይቻላል። ለፋብሪካ ሰው በእኔ ግምት ትልቁ ሀብት ይህ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ፒኖቹ (ሽቦ የሚሰካባቸው እግሮች) 3.3 ቮልት ናቸው። 5 ቮልት ያለው ሴንሰር በቀጥታ ከሰካችሁ ቦርዱን ሸኛችሁት። ቦርዱ ሳይበራ ፒኑ ላይ ቮልት መስጠትም ያበላሸዋል።

ሁለቱን ሳነጻጽር፣ ለማሽን ቁጥጥር ቢግልቦንን እመርጣለሁ፤ ዋጋው ከፓይ ቢበልጥም እንኳ። ለካሜራና ለምስል ሥራ ግን ፓይ 4፣ ያውም ከሊኑክስ ጋር። የሊኑክስ የሪልታይም ማሻሻያ በ2024 ዋናው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ገብቷል። ትንሽ ወዲህ ወዲያ ማለት ለማይጎዳው ሥራ እሱ ይበቃል፣ አርቶስ ውስጥ መግባትም አያስፈልግም።

ፒኮና ኢኤስፒ32

ብዙ አንባቢ የሚፈልገው እነዚህን ይመስለኛል፣ ደግሞም ልክ ነው። ሁለቱም ሊኑክስ አይጭኑም። ማይክሮ ኮንትሮለር (አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያሄድ ትንሽ ቺፕ) ናቸው፤ አርቶስ ቤቱ እዚህ ነው።

ፒኮ በጥር 2021 በ4 ዶላር ወጣ። ሁለት ኮር (በአንድ ቺፕ ውስጥ ያሉ ፕሮሰሰሮች)፣ 133 ሜጋኸርዝ፣ 264 ኪሎባይት ሜሞሪ። ሰነዱ ከ600 ገጽ በላይ ሆኖ እንደ ልብ ወለድ ይነበባል፤ እንዲህ የተጻፈ የቺፕ ሰነድ ብዙ አላየሁም። ቦርዱ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት እንደ ፍላሽ ይከፈታል፣ ፋይሉን ትጥሉበታላችሁ፣ ተነሳ። ስህተት ለመፈለግ ውድ መሣሪያ አያሻም፤ ሁለተኛ ፒኮ ገዝታችሁ የመጀመሪያው መመርመሪያ እንዲሆን ማድረግ ትችላላችሁ። ፍሪአርቶስ የሚባለው ነፃ አርቶስ በሁለቱም ኮሮች ላይ ይሠራበታል፣ ዜፊርም ይደግፈዋል። ፒአይኦ የሚባሉት ስምንት ትንንሽ ማሽኖች ደግሞ የፒን ምልክትን ያለ ፕሮሰሰሩ እገዛ ይቆጣጠራሉ። በ2024 የመጣው ፒኮ 2 በ5 ዶላር 520 ኪሎባይት ሜሞሪ ይሰጣል። ገንዘቡ ካለ እሱን ያዙ።

ኢኤስፒ32 ከ2016 ጀምሮ አለ። ዋይፋይና ብሉቱዝ አብረውት ይመጣሉ፣ ፍጥነቱም እስከ 240 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። የአምራቹ የራሱ የልማት ኪት (ፕሮግራም መሥሪያ ሶፍትዌር) በፍሪአርቶስ ላይ የተገነባ ነው። ማለትም አርቶሱ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ድጋፍ ልጻፍ ብላችሁ አትለፉም። ደሴ ላይ የውኃ ታንከር ደረጃን ለካና በስልክ አሳየኝ ለሚል ሥራ ከዚህ የሚቀድም የለም።

ለጠንካራ ሪልታይም ግን ሁለት ነገር አስቡ። የዋይፋዩ ኮድ የተዘጋ ነው፣ እና በነባሪው ኮር 0 ላይ ይሠራል። የማይታገሰውን ሥራ ኮር 1 ላይ አስሩት። ሁለተኛው፦ ፕሮግራሙ ፍላሽ (የቦርዱ ቋሚ ማከማቻ) ላይ ሲጽፍ ካሹ (ከፍላሽ ኮድ የሚነበብበት ፈጣን ሜሞሪ) ይዘጋል፤ በውስጠኛው ሜሞሪ ያልተቀመጠ የኢንተርፕት ኮድ ይጠብቃል። ይህን ያላወቀ ሰው «አልፎ አልፎ ይዘገያል» ይላል፣ ምክንያቱንም አያገኘውም። አናሎግ ሴንሰር የምትሰኩ ደግሞ ሁለተኛው ኤዲሲ (የሴንሰር ቮልትን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) ዋይፋይ በርቶ ሳለ እንደማይሠራ አስታውሱ።

ብሉ ፒል የሚባለው፣ ኤስቲኤም32 የተባለ ቺፕ ያለው ቦርድም አለ። 72 ሜጋኸርዝ፣ 20 ኪሎባይት ሜሞሪ። ጥሩ ቺፕ ነው፣ ገበያው ላይ ግን የተመሳሰለው ይበዛል። ትክክለኛው እንደሚደርሳችሁ እርግጠኛ ካልሆናችሁ እለፉት።

እዚህ ሆኖ መግዛት

እነዚህን ቦርዶች ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፣ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው ይላካል። ስለዚህ አንድ ብቻ አትዘዙ፤ የተቃጠለውን ለመተካት እንደገና መጠበቅ ይመጣል። ፒኮ ከሆነ ሦስት እዘዙ፦ አንድ ለሥራ፣ አንድ ለመመርመሪያ፣ አንድ ለመጠባበቂያ። ከአንድ ፓይ ዋጋ አይበልጥም።

ኢንተርኔቱንም አስቡ። የዜፊር ሙሉ ዕቃ ሲወርድ ጊጋባይቶች ነው። በሞባይል ዳታ ከሞከራችሁ ካርዱ ያልቃል፣ ማውረዱም ይቋረጣል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ሰው ያውርደውና በፍላሽ ተቀባበሉት። የፒኮው ኪት ያንሳል።

መብራቱስ? መብራት ድንገት ሲጠፋ ፓይ ኤስዲ ካርዱ ላይ እየጻፈ ከነበረ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ፓይ 4 ደግሞ 5 ቮልት 3 አምፔር የሚሰጥ ደህና ቻርጀር ይፈልጋል፤ የስልክ ቻርጀር አታምኑ። ፒኮ ከ1.8 እስከ 5.5 ቮልት በሆነ ማንኛውም ምንጭ ይነሳል፣ መብራቱ ሲመለስም ወዲያው ሥራውን ይቀጥላል።

የትኛውንም ብትመርጡ 3.3 ቮልት የሆነ የዩኤስቢ ሲሪያል ገመድ አብራችሁ እዘዙ። አዲስ ቦርድ ላይ አርቶስ ስታስነሱ ቦርዱ የሚያናግራችሁ በአብዛኛው በእሱ በኩል ነው፤ እሱ ከሌለ ኮዳችሁ የት ላይ እንደቆመ የምታውቁት ብዙ ጊዜ ኤልኢዲ (ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ መብራት) እያበራችሁ እያጠፋችሁ ነው።