ባርኮድ የታተመበት የታካሚ መለያ አምባር፦ የአንድ አስታማሚ ግምገማ

አባቴን ለአሥር ቀናት ሆስፒታል ባስታመምኩበት ጊዜ ደጋግሜ ያየሁት ዕቃ ቢኖር በእጁ አንጓ ላይ የታሰረው ስስ የፕላስቲክ አምባር ነው። ሙሉ ስሙ፣ የተወለደበት ቀንና የካርድ ቁጥሩ ታትሞበታል፤ ነርሷ መድኃኒት ከመስጠቷ ወይም ደም ከመቅዳቷ በፊት በስካነር የምታነበው ባርኮድም አለበት። በዚያው ክፍል የአባቴ ሞክሼ የሆኑ ሌላ አዛውንት ተኝተው ስለነበር ጉዳዩን ችላ ልለው አልቻልኩም።

ዕቃው በራሱ ጥሩ ነው። በእስክሪብቶ የሚሞላ አምባር ገላ ሲታጠቡ ጽሑፉ ይለቃል፤ ይህኛው ግን ውኃና ሳሙና ነክቶትም እስከ መጨረሻው ቀን ይነበብ ነበር። ባርኮዱ በረጅሙ የተሰመረ ሳይሆን አነስተኛ አራት ማዕዘን መሆኑም ብልኃት ነው፤ ረጅሙ ዓይነት ቀጭን አንጓ ላይ ሲጠመዘዝ ስካነሩ ከፊሉን ብቻ ስለሚያይ፣ በተለይ በሕፃናት እጅ ላይ ለማንበብ ያስቸግራል። ጠርዙ ግን ሻካራ ነው፤ የአረጋውያን ቆዳ ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሠራው ሰው ያሰበበት አይመስልም።

መቆለፊያው አንዴ ከታሰረ ካልተቆረጠ አይወልቅም፤ ይህም ከአንዱ ሰው እጅ ወደ ሌላው እንዳይዘዋወር ታስቦ ነው። ያየሁት ችግር የመጣውም ከዚሁ ነው። በሦስተኛው ቀን በደም ሥር ለሚሰጥ መድኃኒት ቦታ ለማግኘት አምባሩ ተቆረጠ፤ ምትኩ እስኪመጣ ድረስም በፕላስተር አልጋው ብረት ላይ ተለጠፈ። ከሰዓት በኋላ የመጣችው ነርስ ስካነሯን ወደ ብረቱ አዞረች፤ መሣሪያው የማረጋገጫ ድምፁን አሰማ፤ መድኃኒቱም ተሰጠ። አልጋው ተነበበ እንጂ አባቴ አልተነበበም። እርግጥ ነው፣ መድኃኒቱ የእሱው ነበር፤ ይሁንና በዚያ አልጋ ላይ ሞክሼው ተኝተው ቢሆን ኖሮም ስካነሩ ያንኑ ድምፅ ያሰማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣቸው 9 የታካሚ ደኅንነት መፍትሔዎች ውስጥ ታካሚው ቢያንስ በሁለት መለያዎች እንዲረጋገጥ፣ የክፍል ቁጥር ግን እንደ መለያ እንዳይቆጠር አሳስቧል፤ የአልጋ ብረት ከክፍል ቁጥር በምን ይሻላል?

የሌሊቷ ነርስ አሠራር የተለየ ነበር። «አባባ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ትላለች፤ መልሱን ከአምባሩ ጽሑፍ ጋር ታስተያያለች፤ ስካነሩን የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የቀኗ ባልደረባዋ «አቶ እገሌ ነዎት?» ብላ ነበር የምትጠይቀው፤ ጆሮው የደከመና እንቅልፍ የተጫነው ሽማግሌ ግን ለተጠራለት ስም ሁሉ «አዎ» ይላል። የሌሊቷ ነርስ ደም ስትቀዳም የቱቦውን መለያ የምትለጥፈው ቀድታ እንደጨረሰች እዚያው አልጋው አጠገብ ነው። አስቀድሞ በተለጠፈ ቱቦ የሌላ ሰው ደም ከገባ፣ ላቦራቶሪው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ውጤቱ ለተሳሳተ ሰው ይመዘገባል፤ በዚያ ውጤት መሠረት የማይስማማ ደም ከተሰጠም ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ነጥብ የቀነስኩት የአምባሩ ማተሚያ በካርድ ክፍል ብቻ በመኖሩ ነው፤ የአባቴ ምትክ አምባር ከዚያ ታትሞ እጁ ላይ የታሰረው ከመሸ በኋላ ነበር።